ለእናታችን የተሰጠው ሜዳሊያ

ነቀምት፣ ታኅሣሥ 1959 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ቀነዓ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደሆንክ አንተ ደብቀኸኝ፣ እኔ ከሰው አፍ ለቅሜ አውቄዋለሁ። በስልክ አንዲት ቃል ስላልተነፈስክልኝ የእኔን ቃል በወረቀት ልኬልሃለሁ። እጆችህ በፋሻ እንደታሰሩ ስለሆነ ይህን የምታነብልህ ያቺ ድምፅዋ ቀጭን የሆነች ነርስ ትመስለኛለች። በአማርኛ የጻፍኩትም ለእሷ ብዬ ነው፤ እኔና አንተማ በቤታችን ቋንቋ ብንነጋገር ደስ ባለኝ። እኅቴ ሆይ፣ አንድ አደራ አለኝ። «ይኼን ዝለዪው» ቢልሽ አትዝለዪለት። ልጅ ሆኖም የማይወደውን ነገር ሲሰማ ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዝ ነበር። አሁን እጁ ስለታሰረ ደህና አድርጎ ይሰማሻል።

ነገሩ የጀመረው አቶ ወልደዮሐንስ እኛ ቤት የመጣ ዕለት ነው። ታስታውሰዋለህ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ። ያ ሰው የቤት ግብር ካልሆነ በቀር የማንንም ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፈገግ ብሎ ገባ። እናታችን አዮ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ጠራኋት።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ። «ልጃችሁ መርከብ ላይ በሠራው ሥራ ተሸልሟል። ሜዳሊያና የምስክር ወረቀት ከምጽዋ መጥቷል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለእናትየው ይሰጣል።»

«ለምን ለራሱ አይሰጡትም?» አልኩት።

«እሱማ ሥራ ላይ ነው።»

«ሥራ ላይ ከሆነ እዚያው መርከቡ ላይ አይሰጡትም እንዴ? ከምጽዋ ነቀምት ድረስ ሜዳሊያ ይዞ መምጣት ምን ይሉታል?»

«አንቺ ደግሞ» አለኝ፣ ፈገግታው ሳይጠፋ፣ «ክብር ደጅሽ ድረስ ሲመጣ መታወቂያ ትጠይቂያለሽ?»

አዮ ጎመኑን እንደያዘች ቆማ ሁለታችንንም አየችን። የተባለውን በኦሮምኛ ነገርኳት። አልጮኸችም፣ እልል አላለችም። «እግዜር ይስጥልን በይው» አለችኝና ወደ ጓሮዋ ተመለሰች።

ቀነዓ፣ እኔ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ይህን ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ። ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ሆኖ ቁስል ሲያጥብ የሚውል ሰው ሌላ ምን ይሆናል? አንዱ «ወደቅሁ» ብሎ ሲመጣ ማን እንደመታው እጠይቃለሁ። ሌላዋ «ድስት ገነፈለብኝ» ስትል ማን እንደደፋባት እጠይቃለሁ። አንተ ደግሞ ከክረምት መግቢያ ጀምሮ አንዲት መስመር ጽፈህልን አታውቅም። ድሮ ግን የዓሣው ሽታ ሳይቀር ትጽፍልን ነበር። ዝም ያለ ሰው ሜዳሊያ ላከ ሲሉኝ እንዴት ብዬ ልመን?

በዚያ ላይ ጎረቤታችን የሺአረግ አለችልህ። ከአጥሩ ማዶ ሆና የአቶ ወልደዮሐንስን መምጣት አይታ ኖሮ፣ እሱ ሲወጣ እሷ ገባች። የደስታውን ወሬ ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ምነው?» አልኳት።

«ምንም። እንኳን ደስ አላችሁ።»

«የሺአረግ፣ ምን ሆንሽ?»

ብዙ ለመንኳት። ጎጃም እያሉ ታላቅ ወንድሟ ኮሪያ ዘምቶ ነበር። መጀመሪያ ጀግና ነው ተብሎ ሜዳሊያው መጣ፣ አገሩ ሁሉ ጨፈረ፣ አባቷም በሬ ጣሉ። መርዶው የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ሰዎቹ በልተው ከሄዱ በኋላ ነበር። «የኛ እንዲያ ሆነ እንጂ የናንተ እንዲያ ነው ማለቴ አይደለም» አለችኝ። ማለቷ ግን ነበር። ወንድሟን ያለቀሰች ሴት እንዲህ ያለውን ነገር ከእኔ ቀድማ ታሸትታለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጎህ ሲቀድ እየነቃሁ የደጁን ድምፅ ማዳመጥ ጀመርኩ። መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃለህ። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ገና ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ቀስ ብለው ነው የሚመጡት። አንድ ማለዳ የእግር ኮቴ ሰምቼ በባዶ እግሬ ወጣሁ። የጎረቤት ላም ተፈትታ ገብታ ኖሯል። ላሚቱን እየነዳሁ አለቀስኩ። አዮ እንዳትሰማኝ አፌን ይዤ ነው ያለቀስኩት።

አዮ ግን ሌላ ሥራ ይዛ ነበር። ቤቱን በአዲስ ጭቃ አስለቀለቀች። ግቢውን ጠረገች። ቅዳሜ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበሮች አስመጥታ በአጥሩ ዙሪያ አስደረደረች። «ይህ ሁሉ ለምንድነው?» ስላት «እንግዶች ይመጣሉ» አለችኝ። እኔም ለደስታው መስሎኝ አገዝኳት። ምስኪን፣ ምንም ሳታውቅ ለደስታ ትዘጋጃለች እያልኩ ነበር ወንበሩን የተሸከምኩት።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። መምህራኑ፣ ነጋዴዎቹ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን፣ ከጉቴ ድረስ የመጡ ዘመዶቻችን ሁሉ ነበሩ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስለ መርከብ ያወራል። አንዱ መርከቡ በከሰል ነው የሚሄደው ይላል፣ ሌላው በናፍጣ ነው ይላል፤ ሁለቱም አንተ እንደነገርካቸው ይምላሉ። ከፊት ለፊት ነጭ የመርከበኛ ልብስ የለበሰ ቀጠን ያለ ወጣት ተቀምጧል። ኃይለጊዮርጊስ እንደሚባልና አብሮህ ሞተር ክፍል እንደሚሠራ ተነገረን። ከገባን ጀምሮ ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም። እሱ ደግሞ ዓይኑን ከጫማው ላይ አልነቀለም።

ተነሥቶ የምስክር ወረቀቱን አነበበ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ አንባቢ ነው። «በመርከቡ ሞተር ክፍል ውስጥ በአገልግሎት ላይ በነበረበት ጊዜ ላሳየው የላቀ የቴክኒክ ችሎታና ቆራጥነት» ይላል። ሰው አጨበጨበ። እኔ «በነበረበት» የምትለው ላይ ቀረሁ። ቀጠለ። «ታታሪ፣ ታማኝና ለጓደኞቹ አሳቢ ነበር» ይላል። ነበር። ቀነዓ፣ በቁሙ ያለን ሰው እንዲህ ብሎ የሚያመሰግን አለ? እኔ የማውቀው «ነበር» የሚባለው በቀብር ላይ ነው።

ከዚያ አዮን ጠሩ። ቀስ ብላ ሄደች። ኃይለጊዮርጊስ ሜዳሊያውን በሁለት እጁ ሰጣትና ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ሴቶቹ እልል አሉ። ወጣቱ ግን ጉልበቷ ላይ ትንሽ ቆየ። ሊሳለም የጎነበሰ ሰው እንዲያ አይቆይም፤ ይቅርታ የሚለምን ሰው ነው እንዲያ የሚቆየው።

ምሳ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። አዮ አማርኛዋ ስለማይበቃት እኔ ነበርኩ አስተርጓሚ።

«ልጄ ይበላል ወይ በይልኝ» አለች።

«ደህና ይበላል፣ እማማ» አለ።

«ማነው የሚያበስልለት?»

«ምግቡን የሚያቀርቡለት ሴቶቹ ናቸው» አለ፤ ወዲያው ጉንጩ ውስጥ የነበረውን ጉርሻ ማኘክ አቆመ። እኔም ማስተርጎም አቆምኩ። አዮ «ምን አለ?» አለችኝ። «በደንብ ይመገባል አለ» አልኳት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ሌላ አልጠየቀችውም። አንተ የት ነህ፣ መቼ ትመጣለህ፣ ለምን አትጽፍም፤ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አልጠየቀችም። የልጇን ወሬ ካመጣ ሰው ጋር የተቀመጠች እናት ይህን ሁሉ መተውዋ እንዴት እንዳላስደነገጠኝ አሁን ይገርመኛል። እኔ የተጠራጠርኩት ሌላውን ሰው ሁሉ ነው፤ እሷን አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ እንደሚመለስ ሰምቼ ነበር። አዮን «ጉቴ ክትባት አለን» ብዬ ዋሸኋትና አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሄድኩ። ነጩን ልብስ አውልቆ ሹራብ ለብሶ መስኮት ጥግ ተቀምጧል። አጠገቡ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ሊነሣ ፈልጎ ነበር፤ ግን እኔ ካልተነሣሁለት መውጫ የለውም።

«ወዴት ይሄዳሉ?» አለኝ።

«እርስዎ እውነቱን እስከሚነግሩኝ ድረስ» አልኩት።

አውቶቡሱ ተነሣ። ጉቴ እስክንደርስ ስለ አገሩ ልምላሜ ሲያወራ ቆየ፤ እኔም አስወራሁት። ጉቴን እንዳለፍን ጠየቅኩት።

«መርከባችሁ ላይ ሴቶች አሉ?»

«ሴቶች? ኧረ የሉም። የጭነት መርከብ ነው።»

«ትናንት ለእናቴ፣ ምግብ የሚያቀርቡለት ሴቶቹ ናቸው ብለዋታል።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የጆሮው ጫፍ ቀላ።

«ሞቷል?» አልኩት። ከፊታችን የነበሩት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ።

«አልሞተም።»

«ይማሉልኝ።»

«እናቴ ትሙት።»

«እናትዎ በሕይወት አሉ?»

መጀመሪያ የተቆጣ መሰለኝ። ከዚያ ግን፣ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። «አሉ፤ ደብረ ብርሃን ናቸው» አለ። «እሱም እኮ ነግሮኝ ነበር። እኅቴ አትለቅህም፣ ከእሷ አጠገብ አትቀመጥ ብሎኛል። እኔ መቼ ተቀመጥኩ፣ እርስዎ መጥተው ተቀመጡብኝ እንጂ።»

አኖ ላይ አውቶቡሱ ለሻይ ሲቆም ነው ሁሉንም የነገረኝ። ብርጭቆውን ይዞ አልጠጣውም። ታሪኩን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ነገር ግን እሱ እንዴት እንደነገረኝ ስማው፤ ራስህን በሌላ ሰው ዓይን ማየት ያስፈልግሃል።

ከኤደን ስትመለሱ ነፋስ ተነሥቶ ነበር አለኝ። ከዳህላክ ወዲህ ውኃው ሥር አለት ያለበት ቦታ ስትደርሱ ትልቁ የእንፋሎት ቧንቧ ፈነዳ። ሞተሩ ቆመ። ክፍሉ በእንፋሎት ከመሙላቱ የተነሣ ሰው የራሱን እጅ ማየት አቃተው። አለቃችሁ ሁሉም እንዲወጣ አዘዘ። ኃይለጊዮርጊስ መሰላሉን ሲይዝ አንተ ከኋላው ነበርክ።

«ና ውጣ አልኩት» አለኝ። «የእንፋሎቱን መዝጊያ ማን ይዘጋዋል? አለኝ። ተወው፣ ትዕዛዝ ነው አልኩት። ሞተሩ ካልተነሣ እኮ ነፋሱ አለቱ ላይ ይጥለናል፣ ላይ ወጥተን ምን ልናደርግ ነው? አለኝ። ክርክር እንኳ አልነበረም፣ እንዲያው እንደ ወሬ ነው የተናገረው። ከዚያ ጆንያ ውኃ ውስጥ ነክሮ እጁ ላይ ጠቀለለና ተመልሶ ገባ። እኔ ወጣሁ።»

የተሰበረውን መስመር ዘጋህ። ያኛውን ብቻ ዘግተህ ብትወጣ ይበቃህ ነበር አለኝ። አንተ ግን በእጅህ እየዳሰስክ ሞተሩ እንፋሎት እንዲያገኝ የሁለተኛውን ቦይለር መስመር ፈልገህ ከፈትክ። እላይ ያሉት ሰዎች ሞተሩ መልሶ ሲንቀሳቀስ በእግራቸው ሥር ተሰማቸው፤ አለቱም ከጎናቸው እየራቀ ሄደ። ወርደው ሲያገኙህ መሣሪያው ሥር ተቀምጠህ፣ ጆንያው ከእጅህ ጋር ተጣብቆ፣ የእንፋሎቱን መለኪያ መርፌ አንብቡልኝ እኔ አይታየኝም ትላቸው ነበር።

«እኔ ዛሬ እዚህ ሻይ ይዤ የተቀመጥኩት በእሱ ነው» አለ ኃይለጊዮርጊስ። «ፊቱ በግራ በኩል ተቃጥሏል። እጆቹም። አሥመራ ሆስፒታል ነው። መሸለሙን ሲነግሩት፣ ሜዳሊያውን ለእናቴ ውሰዱላት፣ እኔን ግን አታንሡባት አለ። እንዲህ ሆኜ ከምታየኝ መርከብ ላይ ነው ብላ ብትኖር ይሻላል አለ። አስማለኝ። ይኸው መሐላዬን አስፈረሱኝ።»

አለቀስኩ መሰለህ? አላለቀስኩም። አላመንኩትማ። ቀነዓ፣ በአገራችን መርዶ በደረጃ እንደሚነገር አንተም ታውቃለህ። መጀመሪያ ታሟል ይባላል። ቀጥሎ ጠንቶበታል። ከዚያ ነው ሰው የሚሰበሰበው። እኔ ራሴ ክሊኒክ ውስጥ ለስንቱ ቤተሰብ እንደዚያ አድርጌ ነግሬያለሁ። አኖ የሰማሁት የመጀመሪያው ደረጃ ቢሆንስ? ኃይለጊዮርጊስን «በዓይንህ አይተኸዋል?» አልኩት፤ «እርስዎ» ማለቱን የት እንደጣልኩት እንጃ።

«ከመምጣቴ በፊት አብሬው ውዬ ነው የመጣሁት። ሆስፒታሉ ስልክ አለው፣ ደውለሽ አረጋግጪ» አለኝ፤ እሱም «እርስዎ» ማለቱን ትቶ።

አውቶቡሱ ሊነሣ ጥሩንባ ሲነፋ ተሰናበትኩት። እኔም ቡና አራግፎ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ወጥቼ ወደ ነቀምት ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ነገሩን ስገለብጠው ነበር። መሐላው ደህና ነው። ግን ሰው ለደግ ነገር ብሎ በሐሰት ይምላል። ጆንያው እውነት ይመስላል፤ ያንተ ሥራ ነው። የሞተ ሰውም ቢሆን ግን ከመሞቱ በፊት ጆንያ ይጠቀልላል።

ስልክ ቤት ፉፋ ተረኛ ነበር። የዋጋሪ ልጅ፣ ካንተ ጋር የተማረው። አሥመራ ብዬ ስነግረው ምንም ሳይጠይቀኝ ማዞር ጀመረ። አዲስ አበባ ይያዛል፣ ይለቃል፣ መስመሩ ይጮኻል። ሌላው ደዋይ ሁሉ ተስተናግዶ ሄደ። መጨረሻ ላይ ፉፋ እጁን አወዛወዘልኝና መነጋገሪያውን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

ያቺ ነርስ ነበረች። ስምህን ነገርኳት።

«አለ» አለችኝ። «አሁን ከአልጋው ተነሥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ማን ልበለው?»

«እኅቱ ደራርቱ ነኝ በይው። አምጪልኝ።»

ሄደች። ቆየች። ተመለሰች። «አጠገቤ ቆሟል፤ ግን አልናገርም ይላል።»

ይህን ጊዜ ጥርጣሬዬ መልሶ ተነሣ። አልናገርም የሚል ሰውና የሌለ ሰው በስልክ አንድ ናቸው። «ጆሮው ላይ አድርጊለት» አልኳት። ከዚያ መስመሩ ውስጥ የነፋስ ድምፅ የመሰለ ነገር ብቻ ሰማሁ።

«ቀነዓ» አልኩ። ዝም። «ኦቦሌሳ ኮ» አልኩ፤ ወንድሜ ብዬ ጠራሁህ። ዝም። ምን ልበል? መነጋገሪያውን የያዘው ማንም ሊሆን ይችላል፤ ዘበኛውም ሊሆን ይችላል። በኦሮምኛ አልኩህ፣ «ዮ ሲ ታኤ፣ ቁፋኢ።» አንተ ከሆንክ ሳል።

ፉፋ ከመቀመጫው ዞሮ አየኝ።

ሳልክ። ደረቅ፣ ትንሽ ሳል። ማንም ሊስል ይችላል ብዬ ልጠራጠር ስል፣ ሳልህ መሀል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። ለቅሶህን አውቀዋለሁ። አባታችን የሞተ ጊዜ ከበሩ ኋላ ተደብቀህ፣ ትንፋሽህን ወደ ውስጥ እየሳብክ ያለቀስከው ነው። ያን የሚያውቅ ዘበኛ የለም። እኔም መነጋገሪያውን ይዤ ስልክ ቤት መሀል ቁጭ አልኩ። ፉፋ መስመሩን ሳይቆርጥብን ዝም ብሎ ጠበቀን፤ እግዜር ይስጠው።

ከዚያ አንተ ሄድክ፣ ነርሷ ተመለሰች። «ዓይኑስ?» አልኳት።

«እሱን ሐኪሙ ነው የሚያውቀው» አለችኝ።

እኅቴ፣ አንቺ ይህን እያነበብሽ ነውና አትቀየሚኝ። ይህቺን አነጋገር እኔም በየቀኑ እናገራታለሁ። ሐኪሙ ነው የሚያውቀው የምንለው እኛም ስናውቅ ነው። ስለዚህ ኃይለጊዮርጊስ ፊቱ በግራ በኩል ብቻ ነው ያለኝን አልተቀበልኩትም። ቀነዓ መርፌውን አንብቡልኝ፣ አይታየኝም ማለቱን ከእንፋሎቱ ነው ብሎ ነበር የነገረኝ። እኔ እንፋሎቱ አይመስለኝም። እርግጡን መጥቼ አያለሁ።

ወደ ቤት ስገባ አዮ አጥሩ ሥር ካሉት አግዳሚ ወንበሮች አንዱ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጥቁር ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጥፋ አስቀምጣዋለች። ገና አልለበሰችውም።

«ሰዎቹ ከኋላሽ እየመጡ ነው?» አለችኝ።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ጉቴ እንዳልሄድሽ አውቃለሁ። ሊነግሩሽ አንቺን አስቀድመው ጠርተውሽ ነው። ተነሥቼ ልልበስ ወይስ ይቆያሉ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ቤቱን ያስለቀለቀችው፣ ግቢውን የጠረገችው፣ ወንበሩን ያስመጣችው ለደስታ አልነበረም። ለለቅሶህ ነው። አቶ ወልደዮሐንስ ባርኔጣውን አውልቆ ከገባ ሰዓት ጀምሮ ሞተሃል ብላ ብቻዋን ይዛው ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሲያጨበጭብ እሷ ልጇን እየቀበረች ነበር።

«አዮ፣ ቀነዓ አለ» አልኳት። «ድምፁን ሰምቼ መጣሁ።»

«አታባብዪኝ» አለች። «ሜዳሊያ የሚሰቀለው ደረት ላይ ነው። ደረቱ ካለ ለምን ለእኔ ሰጡኝ?»

ከእኔ የባሰች ተጠራጣሪ። እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያኔ አወቅኩ። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ እንፋሎቱን፣ ጆንያውን፣ አሥመራን። ፊትህንና እጅህንም አልደበቅኳትም። በእኛ ቤት መደባበቁ ይብቃ አልኩ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ይሰማል?» አለች።

«ይሰማል።»

«ይናገራል?»

«መናገርስ ይችላል። እምቢ ብሎ ነው።»

«እምቢ ካለማ የእኔው ልጅ ነው» አለች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው። የሺአረግ የለቅሶዋን ድምፅ ሰምታ፣ የፈራችው የደረሰ መስሏት እየጮኸች መጣች። አዮ እያለቀሰች እጇን ይዛ «አለ፣ አለ» ትላታለች። የምታውቃት የአማርኛ ቃል እሷ ብቻ እስክትመስል ድረስ ደጋገመቻት። የሺአረግም አቅፋት አብራት አለቀሰች። የራሷን ወንድም ጭምር ይመስለኛል።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ወንበሮቻቸውን ወሰዱ። አዮ ቡናዋንና ዶሮዎቿን ለየሺአረግ አደራ ሰጠች። እኔም ከክሊኒኩ ፈቃድ ተቀበልኩ። አቶ ወልደዮሐንስ ደግሞ መጥቶ «መጀመሪያውንም ነገሩ አላማረኝም ነበር» አለኝ። አላመንኩትም፤ ግን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ጓዛችሁን እሸከማለሁ ብሏል፤ ይሸከም። ይህን ደብዳቤ ነገ በፖስታ አስቀድመዋለሁ፤ እኛ ከእሱ በኋላ እንነሣለን።

እንግዲህ ስማኝ። ወደ ሌላ ሆስፒታል አዛውሩኝ ብለህ እንዳትለምን፤ ነርሷን በስልክ አስጠንቅቄያታለሁ፣ ቃል ገብታልኛለች። ሊጠይቁኝ የመጡትን አታስገቡ ብለህም እንዳታዝ። ቁስል ማየት እንደሁ የእኔ የዕለት እንጀራዬ ነው። ስንቱን የተቃጠለ ፊት ያጠብኩ ሴት ካንተ ፊት እሸሻለሁ ብለህ ማሰብህ አናዶኛል፤ ስመጣ እንነጋገርበታለን።

ስለ ዓይንህ የጠረጠርኩትን መጀመሪያ ለአዮ ልነግራት አልፈለግሁም ነበር። ትናንት አመሻሽ ላይ ለመንገድ ስንቅ የሚሆነንን የገብስ ጭኮ ስታዘጋጅ ግን አልቻልኩም፤ ነገርኳት። «አዮ፣ ቀነዓ ላያየን ይችላል» አልኳት። እጇ ቅቤው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ማሸቱን ቀጠለችና፣ ይህንንም ጻፊለት አለችኝ፦

«እሱ ባያየኝ እኔ አየዋለሁ።»

እኅትህ ደራርቱ። ይህ ሲነበብልህ መንገድ ላይ ነን።